ፋይል መጭመቂያ ምንድን ነው? ከነፃዎቹስ የቱን ልጫን?

ፋይል መጭመቂያ የፋይልን መጠን የሚያሳንስ፣ ብዙ ፋይሎችንም በአንድ የሚጠቀልል ሶፍትዌር ነው። ኤክስትራክት ስታደርጉት (መልሳችሁ ስትፈቱት) ሁሉም እንደነበረ ይመለሳል። አንድ ፊደል እንኳ አይጎድልም።

ሥራው ድግግሞሽ ማደን ነው። የኮምቦልቻ ካምፓስ ተማሪዎችን ስም ዝርዝር አስቡ። በየመስመሩ «ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምቦልቻ» ይላል። ሶፍትዌሩ ይህን አንዴ ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ «ቅድም ያልኩት ነው» የሚል አጭር ምልክት ብቻ ያስቀምጣል።

አማርኛ ለዚህ ይመቻል። ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር በሚያስቀምጥበት፣ ዛሬ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ዘዴ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል። ከሦስቱ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ ከሀ እስከ ፐ ያው አንድ ነው። ስለዚህ ተራ የአማርኛ ጽሑፍ ሲጨመቅ በደንብ ይቀንሳል።

ከፎቶና ከቪዲዮ ግን ብዙ አትጠብቁ። ጄፔግና ኤምፒ4 ሲፈጠሩም የተጨመቁ ናቸው። የ3 ጊጋ የሰርግ ቪዲዮ ዚፕ በሚባለው የተጨመቀ ፋይል ዓይነት ብትጠቀልሉት ያው 3 ጊጋ ገደማ ሆኖ ይወጣል። (የዎርዱ ዶክኤክስ ፋይልም ውስጡ ዚፕ ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም።) እዚህ ላይ ጥቅሙ ሁሉንም በአንድ ፋይል መላክ ነው።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ለእኔ ሰቨን-ዚፕ ነው። ሩሲያዊው ኢጎር ፓቭሎቭ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። በነፃ ይሰጣል፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ማስታወቂያ የለውም። መጫኛው ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ኔትወርክ ሲደክምም ቶሎ ይወርዳል። ዚፕና ሰቨን-ዜድ የሚባሉ የተጨመቁ ፋይሎችን ይፈጥራል። ራር የሚባለውን የዊንራር ሶፍትዌር ፋይል ግን ይከፍታል እንጂ አይፈጥርም። መልኩ የድሮ ነው፣ አያምርም። ይሄ የሚያስከፋው ሰው ፒዚፕን ይሞክር፤ እሱም ነፃ ነው።

ዊንራርን ነፃ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። አይደለም። የ40 ቀን ሙከራ ነው፤ ቀኑ ካለፈም በኋላ «ግዙ» እያለ መሥራቱን ስለሚቀጥል ነው ነፃ የሚመስለው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረውን ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተነካካ ቅጂ) ግን እንዳትነኩት። ራር ለመክፈት ብቻ ከሆነ ሰቨን-ዚፕ እያለ ቫይረስ መጋበዝ ምን ይሉታል? ደግሞ በ2023 ከ6.23 በፊት ባሉት የዊንራር ስሪቶች ላይ ጠላፊዎች የተጠቀሙበት ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኝቷል። ክራክ የተደረገ አሮጌ ስሪት ያንን ቀዳዳ ይዞ ነው የሚቀመጠው። በሰቨን-ዚፕም ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ ያውቃል። ራሱን ስለማያድስ አዲሱን ስሪት እናንተ እያያችሁ ጫኑ። ስታወርዱ ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ ይሁን፦ ሰቨን (በቁጥር 7)፣ ሰረዝ፣ ዚፕ፣ ነጥብ ኦርግ (7-zip.org)። ሰረዟ እንዳትቀር፤ ስሙን አስመስለው የከፈቱ አሉ።

ምንም ሳትጭኑም ይሆናል። ዊንዶውስ ራሱ ዚፕ ይሠራል፣ ይከፍታልም። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ የታደሰ ዊንዶውስ 11 ራርና ሰቨን-ዜድም ይከፍታል። ፓስወርድ ያለው ዚፕ ግን አይሠራላችሁም። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ፦ የፋይሉ ስም በአማርኛ ከሆነ አልጨምቅም ይላል። ያኔ ሰቨን-ዚፕ ግድ ነው።

ጥናታችሁን ደሴ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ ልታስትሙ ከሆነ፣ ሰቨን-ዚፕ ቢኖራችሁም ፎርማቱን «ዚፕ» አድርጉት። ሰቨን-ዜድ ይበልጥ ያሳንሳል፤ ነገር ግን የቤቱ ኮምፒውተር አሮጌ ከሆነ አይከፍተውም። ሰቨን-ዜድን ለራሳችሁ ማስቀመጫ ተጠቀሙበት።