ተራ ተጠቃሚ የሩትን ሥልጣን የሚዋስባቸው ፕሮግራሞች

ዩኒክስ በሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ አንድ ሰርቨር ላይ ሃምሳ ሰው አካውንት አለው እንበል። አንዷ የይለፍ ቃሏን መቀየር ፈለገች። ቃሉ ሃሽ ሆኖ (ወደ ኋላ ወደማይመለስ ኮድ ተቀይሮ) የተቀመጠው «ሻዶ» በሚባል ፋይል ውስጥ ነው። እዚያ ላይ መጻፍ የሚችለው ደግሞ የሲስተሙ ጌታ ሩት ብቻ ነው። ታዲያ ቃሏን በቀየረች ቁጥር አድሚኑን ደጅ ልትጠና ነው?

መላውን ያመጣው ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ ዴኒስ ሪቺ ነው። ሴትዩአይዲ ይባላል። ይህ ምልክት ያለበት ፕሮግራም ማንም ያስነሳው፣ በባለቤቱ ሥልጣን ይሠራል። «ፓስውድ» የተባለው ትእዛዝ ባለቤቱ ሩት ስለሆነ ሻዶን ከፍቶ ይጽፋል፤ የሚነካው ግን የጠሪዋን መስመር ብቻ ነው። ፋይሎቹን ስትዘረዝሩ የማስኬድ ፈቃድን የሚያሳየው ኤክስ በሚቀመጥበት ቦታ ኤስ ታያላችሁ። ምልክቷ ያቺ ናት። እ.ኤ.አ. በ1979 ፓተንት ሳይቀር ወጥቶላታል።

ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ውስጥ ስህተት ከተገኘ ማንኛውም ተጠቃሚ ሩት ሆኖ ቁጭ ይላል። በ2021፣ ትእዛዝን በሩት ሥልጣን በሚያስኬደው «ሱዱ» ላይ የተገለጠው ቀዳዳ አሥር ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው። በ2022 የተነገረው፣ ተመሳሳይ ሥራ ያለው የ«ፒኬኤግዜክ» ቀዳዳ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ እዚያው ተጋድሞ ነበር።

ስለዚህ የማያስፈልጉትን ፕሮግራሞች ኤስ ማንሳት ይበጃል። ለተራ ሰው የቱ ያስፈልገዋል? ፓስውድ ያለ ጥያቄ ያስፈልገዋል። ሥራውን ሌሊት ለሚያስኬድ ሰው ሥራን በሰዓት የሚያስይዘው «ክሮንታብ»ም ይጠቅማል፤ ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ (የዩኒክስ ዘመድ) ዓይነት ላይ እሱ የሚዋሰው የሩትን ሳይሆን የአንድ ግሩፕን ሥልጣን ነው። ሌላ ኮምፒውተር መልስ መስጠቱን የሚፈትሸው «ፒንግ» ድሮ የሩት እጅ ያስፈልገው ነበር፤ ዛሬ ሊኑክስ የሚያስፈልገውን ቁራጭ ፈቃድ ብቻ ቆርሶ ሊሰጠው ይችላል። ዲስክና ፍላሽ ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው «ማውንት» ፍላሽ ለሚሰካበት ላፕቶፕ እንጂ ሰው ለማይደርስበት ሰርቨር ምን ያደርጋል? ሼልን (ትእዛዝ የሚቀበለውን ፕሮግራም) የሚቀይረውና ሙሉ ስም የሚያስተካክለው ትእዛዝማ፣ በእኔ ግምት፣ ቢጠፉ ማንም ልብ አይላቸውም። ወደ ሌላ ተጠቃሚ የሚያሸጋግረው «ሱ» እና ሱዱ የአድሚኖች ናቸው፤ ለአንድ ግሩፕ ብቻ ክፍት ቢሆኑ ይበቃል።

ብቻ ተጠንቀቁ። ሩት የይለፍ ቃል በሌለበት ሌላ የሊኑክስ ዓይነት፣ ኡቡንቱ ላይ የሱዱን ኤስ ካነሳችሁ፣ በገዛ እጃችሁ በሩን ከውጭ ቆለፋችሁት ማለት ነው። ሌላም አለ፦ ያነሳችኋትን ኤስ ቀጣዩ አፕዴት ድምፁን አጥፍቶ ሊመልሳት ይችላል። ዴቢያን ላይ የፋይል ፈቃድ ለውጦችን በሚይዘው መዝገብ፣ «ስታትኦቨርራይድ» ውስጥ ካላስመዘገባችሁት፣ ሥራው ሁልጊዜ ከሀ ነው።