ካርል ዩላርቦ፦ ስዊድናዊው የአኮርዲዮን ሊቅ

ካርል ዩላርቦ (እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1966) በስዊድን አኮርዲዮን ተጫዋቾች መካከል ስሙ እጅግ የገነነ ሙዚቀኛና የዜማ ደራሲ ነው። አገሬው «ካሌ ዩላርቦ» ብሎ ያቆላምጠዋል። የተወለደው ጁን 6 ቀን 1893 ሲሆን የትውልድ ቦታው ዳላርና ክፍለ ሀገር፣ አቬስታ ከተማ አጠገብ ነው። የልደት ስሙ ካርል ካርልሶን ነበር፤ ካርልሶን የሚባል ሰው በስዊድን ስለሚበዛ ይመስላል የመንደሩን ስም ዩላርቦን ይዞ ወጣ።

ልጅ ሳለ የዘመኑ ተጫዋቾች የያዙት ባለ ሁለት የአዝራር መስመር አኮርዲዮን ነበር። በዚህ መሣሪያ አንዱ አዝራር ወናፉ ሲሳብ አንድ ድምፅ፣ ሲገፋ ሌላ ድምፅ ይሰጣል። ዜማው ተከታታይ የመሳብ ድምፆች ሲፈልግ ወናፉ እስከ ጥግ ተለጥጦ መሄጃ ያጣል። ያኔ ተጫዋቹ ወይ በአውራ ጣቱ የአየር መተንፈሻውን ተጭኖ ወናፉን ይመልሳል፣ ወይም ያንኑ ድምፅ ከሌላው መስመር በመግፋት ያወጣዋል። የዳንስ ተጫዋች የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በኋላ የተስፋፋው ባለ አምስት መስመር ክሮማቲክ መሣሪያ ይህን ችግር አቃልሏል፦ ድምፁ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ነው፣ ሦስቱ መስመሮች 12ቱን ድምፆች ይይዛሉ፣ የቀሩት ሁለቱ ይደግሟቸዋል። ስለዚህ ጣቶች አቀማመጣቸውን ሳይለውጡ ዜማውን ወደ ሌላ ቅኝት ማዛወር ይቻላል።

ዩላርቦ የመጀመሪያ ሸክላውን ያስቀረጸው በ1913 ነው። በማይክሮፎን ሙዚቃ መቅረጽ ገና ስላልተጀመረ ድምፁን የሚሰበስበው ትልቅ ጡሩንባ መሰል ቀንድ ነበር። ቀንዱ ወፍራሙን የግራ እጅ ባስ አድክሞ ሲቀዳ የቀኝ እጁን ዜማ ግን ጥርት አድርጎ ይይዛል። በ25 ሳንቲሜትር ሸክላ አንድ ገጽ ላይ የሚገባው ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ዳንሰኛ እስኪደክም የሚደጋገም ዜማ እዚህ መቆረጥ ነበረበት።

በ1915 የቀረጸው «ሊቬት ኢ ፊንስኩጋርና» («ኑሮ በፊን ደኖች») ዝናውን አስፋፋው። ርዕሱ ፊንላንድን የሚያመለክት ይመስላል፤ ነገር ግን ቦታው ፊንላንዳውያን ሰፋሪዎች የኖሩበት የስዊድንና የኖርዌይ ጠረፍ ደን ነው። ዜማው ከዩላርቦ በፊት በሕዝብ ዘንድ ይሰማ ነበር የሚሉ አሉ፤ ለዓለም ያደረሰው ግን እሱ መሆኑ አያጠራጥርም። አሜሪካዊው ቮን ሆርተን ግጥም ገጥሞለት «ሞኪን በርድ ሂል» ተባለ፣ በ1951ም ፓቲ ፔጅ፣ እንዲሁም ሌስ ፖልና ሜሪ ፎርድ አወጡት። መሣሪያ ብቻውን የሚጫወተው የዩላርቦ ቅጂ ግን ለዳንስ ይበልጣል።

በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት በሕዝብ መናፈሻዎች ተጫውቷል፣ ከአንድ ሺህ በላይ ቅጂዎችም አስቀርጿል። ልጁ ኤቤም አኮርዲዮን ተጫዋች ሆነ። ዩላርቦ ያረፈው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1966 ነው።

ዜማዎቹን በዘመኑ መሣሪያ መጫወት የሚሹ መጀመሪያ ሰሙን ያያሉ። ድምፅ የሚያወጡትን የብረት ምላሶች ከእንጨቱ ጋር የሚያጣብቀው ሰም ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ አየርም ያስወጣል። መሣሪያው ከብርድ ወደ ሞቃት አዳራሽ ወዲያው ከገባ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ ምላሱም ይዝጋል። ስለዚህ ከነሣጥኑ ለጥቂት ሰዓት እንዲለመድ ይተዉታል።