«ካሜራዬ ፊት ያጠቁራል» እና ሌሎች መታረም ያለባቸው ወሬዎች

እሁድ እሁድ ጠዋት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የምንገናኝ ጥቂት ሰዎች አለን። ፎቶ እንጀራችን አይደለም፤ ፍቅራችን ነው። ከጀልባ የሚወርደውን ቆሮሶ፣ መረብ የሚፈታውን እጅ፣ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁትን አባ ኮዳዎች ስናነሳ እንቆይና ቡና ልንጠጣ እንቀመጣለን። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ታዲያ እዚያ ቡና ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «የኔ ካሜራ ፊት ያጠቁራል፤ የትኛውን ብገዛ ይሻለኛል?»

ስንት ጊዜ እንደመለስኩት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ሰው ይህን አምኖ ገንዘቡን ሲያወጣ ሳይ ደግሞ ያመኛል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈው። ትንንሾቹን ወሬዎች አስቀድሜ ልጨርስ።

«ሜጋፒክስሉ የበዛ ካሜራ ይበልጣል።» ሜጋፒክስል ማለት ፎቶው የሚሠራበት አንድ ሚሊዮን ነጥብ ነው። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በጥሩ ጥራት ለማሳተም ከ2 ሜጋፒክስል ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል። 24 ሜጋፒክስል ማለት 6,000 በ4,000 ነጥብ ነው፤ ግማሽ ሜትር የሚሰፋ ፎቶ አሳምሮ ያሳትማል። ባለፈው ዓመት ግማሽ ሜትር ፎቶ ያሳተማችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ቴሌግራም ላይማ እንደ ፎቶ ስትልኩት አሳንሶ ነው የሚልከው።

«ከካሜራው ጋር የሚመጣው ሌንስ አይረባም።» ያንኑ 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ፣ ኤፍ 8 ላይ አድርጋችሁ በጥሩ ብርሃን አንሱበት። ከዚያ እናወራለን።

«ኤዲት ማድረግ ማታለል ነው።» በጄፔግ፣ በተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት፣ የምታነሱ ከሆነ ካሜራው ራሱ ቀለሙንም ጥራቱንም ነካክቶ ነው የሚሰጣችሁ። ያልተነካካ ፎቶ ይዛችሁ አታውቁም።

አሁን ወደ ዋናው።

ካሜራ ፊት አያጠቁርም። ውስጡ ብርሃን የሚለካ ነገር አለ። ይህ መለኪያ የሚነሳው ከአንድ ግምት ነው፤ ፊት ለፊቴ ያለው ነገር ሁሉ ተደምሮ ሲካፈል መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ግራጫ ሲባል ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ገደማውን የሚመልስ ማለት ነው። ነጭ ነጠላ ግን ካረፈበት ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል። ስለዚህ ነጠላ የለበሰች እናት ፊት ለፊቱ ስትቆም ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፤ ፊቷም አብሮ ይጨልማል። ከኋላዋ የሚያበራ ሰማይ ወይም ውኃ ካለ ደግሞ የባሰ ነው።

ካላመናችሁኝ ቤታችሁ ሞክሩት። ነጭ ግድግዳ ፍሬሙን ሞልቶ እንዲታይ አድርጋችሁ አንሱ። ቀጥሎ ጥቁር ጃኬት በዚያው ዓይነት አንሱ። ሁለቱም ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ይህን በዓይኑ አይቶ ካሜራውን የወቀሰ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከእኛ ጋር የሚወጣ አንድ ልጅ አለ። ካኖን 1200ዲ ነበረው፤ 18 ሜጋፒክስል፣ ለጀማሪ ከበቂ በላይ። «ፊት ያጠቁራል» ብሎ ሸጠው። የሚገዛው ፎቶ ወዳጅ ጠፍቶ እኔው ገዛሁት። እሱ እቁብ ሲደርሰው በዚያ ላይ ጨምሮ ያገለገለ ፉል ፍሬም፣ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ ካሜራ ገዛ። መጀመሪያ ያነሳው እናቱን ነው፤ የገብርኤል ዕለት ሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ። ፎቶው ላይ ጥልፉ ይታያል፣ የነጠላው ጥለት ይታያል፣ ፊታቸው ግን የለም። ልጁ ቤቴ የመጣው ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው ነው።

ተያይዘን ወደ እናቱ ሄድን። «እማማ፣ ያንን ቀሚስ እንደገና ይልበሱልኝ» አልኳቸው፤ እሺ ብለው ለበሱ። ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ ሳይሆን በረንዳው ጥላ ሥር፣ ፊታቸውን ወደ ደጁ ብርሃን አዙረው እንዲቀመጡ አደረግን። ለልጁ ያንኑ የሸጠልኝን 1200ዲ ሰጠሁት። ከላይ ያለው መዞሪያ አረንጓዴው ምልክት ላይ ነበር። አረንጓዴው ላይ እስካለ ድረስ ካሜራው ሁሉንም ራሱ ይወስናል፤ ብርሃን ጨምር ብትሉት አይሰማችሁም። መዞሪያውን ወደ ፒ አዞርነው። ከዚያ ከኋላ «ኤቪ +/-» የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን ተጭኖ ጎማዋን ወደ ቀኝ ማዞር ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው ትንሽ መስመር ከዜሮ ተነስታ +1ን ትንሽ እስክታልፍ ድረስ አዞረ። አነሳ።

እናቱ ካሜራውን ተቀብለው ትንሽ ዝም አሉ። «ይኸው፣ ይቺ ነኝ እኔ» አሉ። ልጁ ፊቱን አዙሮ ቆመ። ያ ሁሉ የእቁብ ብር የሄደው በአንድ ቁልፍ ምክንያት ነው። ይህን የምጽፈውም ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው።

እውነት ለመናገር ወሬው ከመሬት አልተነሳም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ ብሎ የሚልከው ካርድ ነበር፤ «ሸርሊ ካርድ» ይባላል። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። ለብዙ ዓመታት የቀለም ልኩ የሷ ቆዳ ነበር፤ ጠቆር ያለ ሰው ፎቶ ላይ መልኩ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ አባቶቻችን ያማረሩት በእውነት ነው። ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው ሴንሰር ግን የኛን ቆዳ ከነወዙ ከነቀለሙ የመያዝ አቅም አለው። የሚያስፈልገው በቂ ብርሃን ብቻ ነው። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ፊት ለይተው ይለካሉ፤ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ነጭ ልብስና የሚያበራ ሐይቅ አንድ ላይ ሲመጡ እነሱንም ማገዝ ያስፈልጋል።

በስልክ ከሆነ የምታነሱት ይበልጥ ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣት ንኩ። በብዙ ስልኮች አጠገቡ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች፤ ወደ ላይ ሳቧት።

ሌላው ችግር የምንቆምበት ቦታ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ከከተማዋ በስተምዕራብ ነው። ወደ ማታ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ ሄዳችሁ ሰውን ጀርባውን ለሐይቁ ስታቆሙት ፀሐይዋን ከኋላው አደረጋችኋት ማለት ነው። ፊቱ ይጨልማል፤ ሊጨልምም ይገባል። ሰማዩን ከፈለጋችሁ ሰውዬው በጥላ መልክ ይውጣ፣ ያምራል። ፊቱን ከፈለጋችሁ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኑ። ያኔ ፀሐይዋ ከከተማው በኩል ናት። ሰውየው ሐይቁን ከኋላው አድርጎ ይቆማል፣ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ያርፋል፤ ምንም ቁልፍ መንካት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ለሙሽራ አንሺዎችም ደጋግሜ የምለው ይህንኑ ነው። ፕሮግራሙ ለማታ ከተያዘና ምርጫ ከሌላችሁ ፍላሹን አውጡ። ፍላሽ የማታ ብቻ ነው ያለው ማነው? ዋና ሥራው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ፍላሽ ከሌለ አንድ ሰው ነጭ ካርቶን ይዞ ከሙሽሮቹ ፊት ዝቅ ብሎ ይቁም፤ የፀሐይዋን ብርሃን ፊታቸው ላይ ይመልስላቸዋል።

ቀትር ላይ ደግሞ አትድከሙ። እዚህ 7 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ላይ ነን። መጋቢት ማለቂያና ነሐሴ ማለቂያ ላይ የቀትሯ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች። ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፣ የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ይወድቃል። ዛፍ ጥላ ሥር ግቡ። «ወርቃማው ሰዓት» ሲባል ሰምታችሁ አንድ ሰዓት ሙሉ አለን ብላችሁም አትዘናጉ። ያ አባባል የሚሠራው ምሽቱ ለሚረዝምበት አገር ነው። እኛ ጋ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ ያ ለስላሳ ብርሃን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቦታችሁን ቀድማችሁ መርጣችሁ ጠብቁት።

«ኤፍ 1.8 ላይ ካላነሳህ ፕሮፌሽናል አይደለህም።» 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የገዛ ልጅ ሁሉ ይህን ይላል። የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጥርት የሚለው ቦታ ይጠባል። ኋላው ይድበስበስ፣ እሺ። ግን ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ ላይ፣ ከአንድ ሜትር ርቀት በ1.8 ስታነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዓይን ጠርቶ ጆሮ ይጠፋል። ቤተሰብ በሁለት ረድፍ አቁሞ በ1.8 ያነሳ ልጅ አውቃለሁ፤ አያቶቹ ከፊት ጠርተው የልጅ ልጆቹ በሙሉ ደብዝዘው ቀሩ። ለቡድን ፎቶ 5.6 ወይም 8።

«አይኤስኦ ከ400 ካለፈ ፎቶው ይበላሻል።» አይኤስኦ ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት ነው። ፊቼ ጫምባላላ ነው፤ ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2015 የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ። በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ ሽማግሌዎቹ ቄጣላ እየጨፈሩ ነው፤ እየመሸ ነው። አጠገቤ የነበረ ወዳጄ 400ን ላለማለፍ ብሎ ሹተሩን፣ ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ ወደ 1/15 ሰከንድ አወረደው። ሽማግሌዎቹ አንድም ሳይቀሩ ጭጋግ ሆነው ወጡ። እኔ 3200 ላይ አነሳሁ። ፎቶዬ ጠጠር ጠጠር ይላል፤ የሽማግሌው ፊት ግን አለ፣ የያዘው ዘንግ አለ። ጠጠሩን ኋላ መቀነስ ይቻላል። የተንቀጠቀጠውን ግን ማንም አይመልስላችሁም፤ ፊቼም በዓመት አንዴ ነው።

አንድ የመጨረሻ፤ «ሌንስ ቦርሳ ውስጥ ዘግተህ ካስቀመጥከው አይበላሽም።» ሐይቅ ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህ አደገኛ ወሬ ነው። ሻጋታ የሚወደው ጨለማና እርጥበት ነው፤ ክረምት ላይ የተዘጋ ቦርሳ ሁለቱንም ይሰጠዋል። መስተዋቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይጀምራል። አንድ ሌንሴን እንዲህ አጥቻለሁ። ካሜራችሁን በሳምንት አንዴ እንኳ አውጥታችሁ አንሱበት፣ ብርሃንና ነፋስ ያግኘው። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣውን፣ እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሏት። ሁለት ሦስቱን ካሜራ ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱ፤ ሲቆዩ ቀይሯቸው።