የድሮ ሃይሉክስ ጌጅ መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

"ጌጁ ሞቷል፣ አዲስ ግጠሙልኝ።" ጋራዥ ውስጥ ይህን ሳይሰሙ የሚውሉበት ቀን የለም። እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1988 በተሠሩት የቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፖች ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሞተው ጌጁ፣ ማለትም ዳሽቦርድ ላይ በመርፌ የሚያሳየው መለኪያ፣ አይደለም። ደህናው ጌጅ ተፈቶ ይጣላል፣ በቦታው የሚያምር አዲስ ጌጅ ይገባል፣ መኪናውም መንገድ ላይ ነዳጅ ጨርሶ ይቆማል።

"መርፌው ካልተነሳ ጌጁ ተቃጥሏል።"
ዳሽቦርድ ከመፍታት በፊት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ታንከሩ ላይ ያለውን የቡልቦ (ልኩን ለጌጁ የሚልከው ክፍል) ሽቦ ንቀሉ። ቁልፍ ከፍታችሁ፣ ሽቦውን በ3.4 ዋት የዳሽቦርድ አምፖል በኩል ማሳ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተገናኘ የመኪናው ብረት) አስነኩት። መርፌው ወደ ላይ ከሄደ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ቡልቦው ወይም የታንከሩ ማሳ ነው። እነዚህ ጌጆች በሙቀት በሚታጠፍ ብረት ስለሚሠሩ መርፌያቸው ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። ሁለት ሰከንድ አይቶ "አይሠራም" ማለት ስህተት ነው።

"የነዳጁም የሙቀቱም መርፌ አንድ ላይ ከፍ ካሉ ሁለቱም ጌጆች ተበላሽተዋል።"
ሁለት ጌጅ በአንድ ቀን አይበላሽም። በአብዛኞቹ ላይ ለሁለቱም ቮልቴጅ የሚመጥነው መቆጣጠሪያ ነዳጅ ጌጁ ውስጥ ነው ያለው። መጀመሪያ የዳሽቦርዱን ማሳ አጽዱ። ነዳጅ ጌጁን ብቻ አውጥታችሁ ሌላ ብትገጥሙ ደግሞ የሙቀቱ ጌጅ መጋቢውን ያጣል። ከባትሪ በቀጥታ 12 ቮልት ከሰጣችሁት ከልክ በላይ ያሳያል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል።

"ጌጅ ጌጅ ነው፤ ማንኛውም ጌጅ ከነባሩ ቡልቦ ጋር ይሠራል።"
ብዙ ገንዘብ የሚያባክነው ይህኛው ነው። ጌጅ ነዳጅ አይለካም፤ የሚለካው ከቡልቦው የሚመጣውን ኦም፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ፣ ነው። የዚህ ሃይሉክስ ቡልቦ ታንከሩ ባዶ ሲሆን ወደ 110 ኦም፣ ግማሽ ሲሆን ወደ 32፣ ሙሉ ሲሆን ወደ 3 ኦም ይሰጣል። ገበያ ላይ "ለሁሉም መኪና" ተብለው ከሚሸጡት አብዛኞቹ ግን የተሠሩት ባዶው 240፣ ሙሉው 33 ኦም ለሆነ የአሜሪካ ልክ ነው።

ሁለቱን ስታገናኙ የሚሆነውን ተመልከቱ። ታንከሩ ሙሉ ነው፣ ጌጁ "ሙሉ" ይላል። ግማሹን ተጠቀማችሁ፣ ቡልቦው 32 ኦም ደረሰ፣ ጌጁ አሁንም "ሙሉ" ይላል። ነዳጁ አለቀ፣ ቡልቦው 110 ደረሰ፣ ጌጁ ግማሽ አካባቢ ቆመ። ሾፌሩ ግማሽ ታንከር አለኝ ብሎ ሲነዳ ሞተሩ ይጠፋል። ባዶው 10፣ ሙሉው 180 ኦም የሆነውን የአውሮፓ ልክ ከገጠማችሁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሞልታችሁ ስትወጡ ባዶ ያሳያችኋል።

"ሬዚስተር (ኦም የሚጨምር ትንሽ ክፍል) እንጨምርበት" የሚሉ አሉ። በተከታታይ 130 ኦም ብትጨምሩ ባዶው 240 ይሆናል፣ ልክ ነው። ሙሉው ግን 133 ይሆናል፣ ስለዚህ መርፌው መቼም ከግማሽ አያልፍም። ሬዚስተር ልኩን ወደ ላይ ይገፋዋል እንጂ አያሰፋውም። ያለው መንገድ ሦስት ነው፦ ለዚህ ልክ የተሠራ ጌጅ መግዛት፣ ልኩ የሚስተካከል ጌጅ መግዛት፣ ወይም ቡልቦውንም ከጌጁ ጋር መቀየር። የሙቀትና የዘይት ጌጅ ከሆነ ሳታመነቱ ከራሱ ቡልቦ ጋር ግዙ። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የታንከሩን ቡልቦ ተንሳፋፊ ላይና ታች እያደረጋችሁ ኦሙን በቴስተር ለኩና ሁለቱን ቁጥሮች ጽፋችሁ ያዙ። ሻጩ ኦሙን ካላወቀ አትግዙ።

የሙቀትና የዘይት ቡልቦ ሞተሩ ላይ የሚታሰርበት ጥርስም ይለያል። የቶዮታው ቀዳዳ የጃፓን 1/8 ነው፣ በአንድ ኢንች 28 ጥርስ አለው። የአሜሪካው 1/8 ደግሞ 27 ነው። አንድ ሁለት ዙር ይገባና ይጠብቃል። በቁልፍ ከገፋችሁት የሞተሩ ጥርስ ይበላል፤ ጥርሱን የሚያስማማ ማገናኛ ግዙለት። ቴፍሎንም (ማሸጊያ ቴፕ) አትጠምጥሙበት፤ ባለአንድ ሽቦ ቡልቦ ማሳ የሚያገኘው በጥርሱ ነው። ማሳው ከደከመ ኦሙ ይጨምራል፣ ሞተሩ እየጋለ መርፌው ቀዝቃዛ ያሳያል።

"የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ 100 ካላሳየ ጌጁ ውሸታም ነው።"
ቡልቦውን ድስት ውስጥ መፈተሽ ጥሩ ነው፤ አካሉን በሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ማገናኘት አትርሱ። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። 92 ያሳየ ጌጅ ትክክል ነው፤ 100 ያሳየው ነው የተሳሳተው።

"ዘይት ጌጁ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ ሲዞር) ወረደ፣ ሞተሩ አለቀ።" አላለቀም። ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ 0.3 ባር እንኳ ቢሆን ቶዮታ ይቀበለዋል። የሚታየው በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ከ2.5 ባር በላይ መሆኑ ነው። ጌጅ ስትጨምሩ ነባሩን የዘይት መብራት አትንቀሉ፤ በቲ ማገናኛ ሁለቱም ይሥሩ። ከባዱን ቡልቦ ግን በቀጥታ ቲው ላይ አታንጠልጥሉት፣ ንዝረት ይሰብረዋል፤ በአጭር ጎማ ቱቦ አውጡትና ቦዲ ላይ እሰሩት። ቦዲው በሽቦ ማሳ ይፈልጋል።

ናፍጣ ሞተር ኮይል (ለሻማ እሳት የሚሰጥ ክፍል) ስለሌለው የቤንዚን ሞተር የዙር ጌጅ አይሠራለትም፤ ከዲናሞው (ባትሪ ከሚሞላው ክፍል) ደብሊው ከተባለው የሽቦ ጫፍ የሚያነብ ያስፈልጋል።

"አምፖሎቹን ሁሉ ኤልኢዲ እናድርጋቸው።" ዳሽቦርዱን የሚያበሩትን አዎ። የቻርጅ መብራቱን ግን ተዉት። ብዙ አሮጌ ዲናሞዎች መጀመሪያ የሚነቁት በዚያ አምፖል በኩል በሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው፤ ኤልኢዲ በቂ አያሳልፍም፣ ዲናሞው ሳይነቃ ባትሪው ያልቃል።

"የሙቀት መርፌው ዝቅ ካለ ሞተሩ ቀዝቅዟል።" ቡልቦው የሚለካው የነካውን ውሃ ነው። ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ ቱቦ) ፈንድቶ ውሃው ካለቀ ቡልቦው አየር ላይ ይቀራል፣ መርፌውም ሊወርድ ይችላል። 2ኤል የተባለው ናፍጣ ሞተር ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ደግሞ ሲግል በመሰንጠቅ ይታወቃል። መርፌው ከፍ ብሎ ቆይቶ በድንገት ከወደቀ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፤ የራዲያተሩን ክዳን ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱ።