ድማሚትና ጎረቤት፦ ስለ ካባ ፍንዳታ በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

በአዲስ አበባ ዙሪያና በብዙ የክልል ከተሞች ዳር ሰፈርና የድንጋይ ካባ ጎረቤት ሆነዋል። አንዳንዴ ካባው ቀድሞ ነበር፤ ሰፈሩ ሄዶ ደረሰበት። አንዳንዴ ደግሞ ካባው እየሰፋ መጥቶ ሰፈር ገባ። ለአስፋልቱም ለኮንክሪቱም ጠጠር ያስፈልጋል። ድንጋዩ ጥቁር ባዛልት ከሆነ ደግሞ መዶሻ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ይቦረቦራል፣ ፈንጂ ይሞላል፣ ይፈነዳል።

ከዚያ ወሬው ይጀምራል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሰውን ወይ ያለ ምክንያት ያስደነግጠዋል፣ ወይ መብቱን ያስተወዋል። እኔን የሚያናድደኝ ሁለተኛው ነውና ከሱ ልጀምር።

«ፈቃድ አላቸው፣ ምን ታደርጋቸዋለህ?»

ይህን የሚለው የሰፈር ሰው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ፈቃድ ሥራውን ለመሥራት ነው፤ የሰው ቤት ለመሰንጠቅ የሚሰጥ ፈቃድ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ፈንጂን በስሙ ጠርቶ ያነሳዋል። አንቀጽ 2069 ፈንጂ በመጠቀሙ ወይም በማከማቸቱ ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው፣ ጉዳት ሲደርስ ኃላፊ ነው ይላል። እዚህ ላይ ባለካባው ጥፋት መሥራቱን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። «ጥንቃቄ አድርጌ ነበር» ቢልም አያድነውም። ሕጉ ቀጥሎ የሚለው ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው፦ ሥራው የመንግሥት ቢሆንም፣ በአስተዳደር ፈቃድ የሚሠራ ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። አንቀጽ 2086 እንደሚለው «ከአቅም በላይ ነገር ገጠመኝ» ማለትም መውጫ አይሆንም። ኃላፊነቱን የሚያቀለው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ስንጥቁ ከፍንዳታው መምጣቱን ማስረዳት የእናንተ ድርሻ ነው። ጊዜም አለው፤ በአንቀጽ 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በየወሩ «እናያለን» እየተባሉ 2 ዓመት ማሳለፍ ቀላል ነው።

«ሥራ ሳይጀመር የኛ ሐሳብ አይጠየቅም» የሚባለውም ልክ አይደለም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ደንግጓል። ሪፖርቱን አሳዩን ማለት ነገር መፈለግ አይደለም።

«ቤቱ ከተንቀጠቀጠ ተሰንጥቋል»

የግድ አይደለም። ባለሙያዎች የሚለኩት መሬቱ በምን ያህል ፍጥነት ወዲያ ወዲህ እንዳለ ነው፤ በሰከንድ ስንት ሚሊ ሜትር እየተባለ ይጻፋል። ሰው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውንም ያውቀዋል። የጀርመን መስፈርት ለተራ መኖሪያ ቤት፣ ቀርፋፋ በሆነ ንዝረት፣ መሠረቱ ላይ 5 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ድረስ ይፈቅዳል። የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የልስን ግድግዳ ላላቸው አሮጌ ቤቶች 12.7፣ የጂፕሰም ቦርድ ላላቸው 19 ሚሊ ሜትር አስቀምጧል። እንግዲህ ብርጭቆው ሲንቀጫቀጭ፣ መስኮቱ ሲንኳኳ ግድግዳው ገና ከአደጋው ሩቅ ሊሆን ይችላል። መስኮቱን የሚያንኳኳው ደግሞ ብዙ ጊዜ መሬቱ ሳይሆን በአየር የሚመጣው ግፊት ነው።

ይሄ ማለት ግን የካባው ድርጅት ሁሌ ልክ ነው ማለት አይደለም። የአሜሪካው ጥናት የተሠራው በአሜሪካ ቤቶች ላይ ነው። የጭቃ ቤት፣ ጭድና ጭቃ ተለስኖ በእንጨት የቆመ፣ እዚያ ውስጥ የለም። «ከዓለም አቀፍ ገደብ በታች ነን» የሚል መሐንዲስ ለጭቃ ቤት ባለቤት ሙሉ መልስ አልሰጠም። ይህንንም ለማለት መጀመሪያ መለኪያ መሣሪያ ተተክሎ መሆን አለበት። ሳይለኩ «ከገደብ በታች ነው» ማለት ወሬ ነው።

በተቃራኒው እያንዳንዱ ስንጥቅ የድማሚት ሥራ አይደለም። ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። በላዩ የተሠራ ቤት ካባ ባይኖርም ይሰነጠቃል። ታዲያ እንዴት ይለያል? ከፍንዳታው በፊት የነበረውን በማስመዝገብ ነው። በአሜሪካ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ደንብ፣ አፈንጂው ሥራ ከመጀመሩ ቢያንስ 30 ቀን በፊት በግማሽ ማይል፣ ማለትም 800 ሜትር ገደማ ውስጥ ላሉ ነዋሪዎች ቤታቸው አስቀድሞ እንዲመረመርላቸው እንዴት መጠየቅ እንደሚችሉ በጽሑፍ ያሳውቃል። እኛ ጋ ማንም መጥቶ ባይጠይቃችሁም ራሳችሁ አድርጉት። እያንዳንዱን ግድግዳ በስልክ አንሱ። ያለውን ስንጥቅ ሳንቲም አጠገቡ አድርጋችሁ አንሱ፤ ስፋቱ ይታያል። ጫፉ የቆመበትን በእርሳስ አስምራችሁ ቀኑን ጻፉበት። ጎረቤት ምስክር ይሁን። ስንጥቁ ከፍንዳታው በኋላ ከእርሳሱ ካለፈ የምታሳዩት ነገር አላችሁ።

«ብዙ ኪሎ ማለት ብዙ ንዝረት ነው»

አንድ መኪና ሙሉ ፈንጂ ሲገባ ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን በደንብ በታቀደ ፍንዳታ ሁሉም ጉድጓድ በአንዴ አይፈነዳም። በመካከላቸው የሚሊሰከንዶች ልዩነት አለ፤ ብዙ ጊዜ 8 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ የተራራቀ ጉድጓድ እንደ ሌላ ፍንዳታ ይቆጠራል። ለንዝረቱ ወሳኙ በአንድ ቅጽበት የሚፈነዳው ኪሎ እና የቤቱ ርቀት ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ኪሎውን ብቻ አትጠይቁ። «በአንድ ቅጽበት ስንት?» በሉ። መልሱን የማያውቅ ሰው ካፈነዳ፣ ያኔ ፍሩ።

«ዋናው አደጋ ንዝረቱ ነው»

ንዝረት ግድግዳ ይሰነጥቃል። ሰው የሚገድለው ተወርዋሪ ድንጋይ ነው። ፈንጂው ብዙ ጊዜ አሞኒየም ናይትሬት 94 እጅ እና ናፍጣ 6 እጅ የተደባለቀ ነው። የጉድጓዱ አፍ በጠጠር በደንብ ካልተደፈነ፣ ወይም ከፊት ያለው አለት ከቀጠነ፣ ጉልበቱ መውጫ ያገኛል። ያኔ ድንጋይ ከታሰበው በላይ ርቆ ይሄዳል። ከሥራ ቦታው ውጪ አንድ ድንጋይ እንኳ ከወደቀ፣ «ትንሽ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ፎቶ አንሱ፣ ለወረዳው በጽሑፍ አመልክቱ፣ ቀጣዩ ፍንዳታ ከመካሄዱ በፊት መልስ ጠይቁ።

ብርቱካንማ ጭስ ካያችሁ ደግሞ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሳንባ ይጎዳል። ነፋሱ ወደ ሰፈሩ ከሆነ ልጆቹን ይዛችሁ ራቁ፤ መራቅ ካልተቻለ ቤት ግቡና መስኮት ዝጉ።

«ከፈነዳ በኋላ አለቀ»

ሳይረን ወይም ጩኸት ሰምቶ፣ ፍንዳታው ሲያልፍ ወዲያው መውጣት የብዙ ሰው ልማድ ነው። የአሜሪካ የግንባታ ደህንነት ደንብ ሦስት ምልክት አለው፦ ከ5 ደቂቃ በፊት ረጃጅም ድምፅ፣ ከ1 ደቂቃ በፊት አጫጭር ድምፅ፣ በመጨረሻም አካባቢው ከተመረመረ በኋላ አንድ ረጅም ድምፅ። የኛዎቹ ቀይ ባንዲራና ጩኸት ቢጠቀሙም ቁም ነገሩ አንድ ነው፤ ሦስተኛው ሳይሰማ መንገድ አይከፈትም። ያልፈነዳ ጉድጓድ ሊኖር ይችላላ። ሰፈራችሁ ውስጥ ምልክቶቹ ምን እንደሆኑ ካላወቃችሁ፣ ለካባው ኃላፊ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን።

«ሽቦ ብቻ ነው፣ ለቆራሌው እንሽጠው»

ካባው አካባቢ ሽቦ የተያያዘበት ትንሽ የብረት ቱቦ ካገኛችሁ ዲቶኔተር፣ ማለትም ዋናውን ፈንጂ የሚያስነሳው ትንሽ ፈንጂ ሊሆን ይችላል። ጣት የሚያክል ቢሆንም እጅ ይቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል። መዶሻ፣ እሳት፣ ጥርስ፣ ባትሪ ድንጋይ፣ አንዱም አይነካካው። ልጆች ከሁሉ ቀድመው ያገኙታልና ንገሯቸው። ቦታውን ሩቅ ሆናችሁ ምልክት አድርጉ፣ ሰው አታስጠጉ፣ ፖሊስ ጥሩ። ይዞ ጣቢያ መሄድም አይቻልም።