ቪ404 ሲግኒ፦ የሚደበዝዝ የኤክስሬይ ጥንድ ኮከብ በቴሌስኮፕ ሲታይ

ቪ404 ሲግኒ እርስ በርስ የሚዞሩ አካላት ጥንድ ነው፤ ሲግነስ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ከእኛ ወደ 7,800 የብርሃን ዓመት ይርቃል። አንዱ አካሉ ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ ክብደቱ የፀሐይን 9 እጥፍ ገደማ ነው። ሌላው ከፀሐይ የቀለለና ቀዝቀዝ ያለ ኮከብ ነው። በ6.47 ቀን አንድ ዙር ይጨርሳሉ። ከኮከቡ የሚፈሰው ጋዝ በጥቁር ጉድጓዱ ዙሪያ ዲስክ ሠርቶ ይጠራቀማል። ሲበዛ ይግልና ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ያኔ ጥንዱ ይነቃል፦ ይደምቃል፣ ኤክስሬይም ይረጫል። ከዚያ ደብዝዞ ለዓመታት ይተኛል።

እ.ኤ.አ. በ1938 ሲነቃ እንደ ተራ ኖቫ (ድንገት ደምቆ የሚደበዝዝ ኮከብ) ተመዘገበ። የ1956ቱ የታወቀው ቆይቶ፣ በድሮ የፎቶ ሰሌዳዎች ላይ ነው። በ1989 የጃፓኑ ጊንጋ ሳተላይት ኤክስሬዩን ያዘ።

ትልቁ ሥራ የተሠራው ግን ብርሃኑ ከወረደ በኋላ ነው። ጥንዱ በነቃ ጊዜ የዲስኩ ብርሃን ኮከቡን ይውጠዋል። ሲደበዝዝ ኮከቡ ራሱ ብቅ ይላል። ካሳሬስ፣ ቻርልስና ኔይለር ላ ፓልማ ደሴት ላይ ባለው 4.2 ሜትር የዊልያም ሄርሼል ቴሌስኮፕ የኮከቡን የስፔክትረም መስመሮች፣ ማለትም ብርሃኑ በቀለም ሲዘረዘር የሚታዩትን መስመሮች፣ ተከታተሉ። መስመሮቹ አንዴ ወደ ቀይ፣ አንዴ ወደ ሰማያዊ ይሸሻሉ። ከዚህ ፍጥነቱ ይሰላል። በ1992 ውጤቱ ወጣ፦ የማይታየው አካል ቢያንስ 6 ፀሐይ ያህል ይመዝናል። የኒውትሮን ኮከብ (የሞተ ኮከብ እጅግ የታመቀ ቅሪት) የክብደት ጣሪያ 3 ፀሐይ ገደማ ስለሆነ፣ ጥቁር ጉድጓድ ነው ከማለት ሌላ ማምለጫ የለም። ይህን ያህል ጥርት ያለ ማስረጃ ያኔ ብርቅ ነበር።

ሰኔ 2015 ላይ ስዊፍት ሳተላይት ደወሉን ደወለ። በሚታየው ብርሃን ግን ጥንዱ ከዚያ ቀደም ብሎ መድመቅ ጀምሮ ነበር። የድምቀት ደረጃው ከ18 ወደ 12 አካባቢ ዘለለ። ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል፤ 6 ደረጃ ማለት 250 እጥፍ ነው። 20 ሴንቲሜትር ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ሁሉ ሊያየው ቻለ። በየአገሩ ያሉ አማተሮች ሌሊቱን ተቀባበሉት፤ አንዱ ጋ ሲነጋ ሌላው ጋ ይመሻል። በጎረቤት ኮከቦች እየመዘኑ በየደቂቃው መዘገቡ። ብርሃኑ ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ይወጣና ይወርድ ነበር። ያለ እነሱ ትጋት ይህ መዝገብ አይኖርም ነበር። ጭፈራው ከየት መጣ የሚለው ግን አከራክሯል። ብዙዎች ኤክስሬዩ ዲስኩን አሙቆ የሚያወጣው ብርሃን ነው ይላሉ፤ ፈጣኑን ብልጭታ ለጄቱ፣ ከጥቁር ጉድጓዱ አካባቢ ለሚወነጨፈው ጅረት፣ የሚሰጡም አሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ኃይሉ ተሟጠጠ፤ ዲሴምበር ላይ ለአጭር ጊዜ መለስ አለ።

ከደበዘዘ በኋላ ልኬቱን የምታስቸግር አንዲት ጎረቤት ኮከብ አለች። ሰማይ ላይ ስትታይ 1.4 የቅስት ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ብቻ ትርቃለች፤ ብርሃኗ ከጥንዱ ጋር ይደባለቃል። ለዓመታት በአጋጣሚ በዚያው አቅጣጫ የምትታይ መንገደኛ ተብላ ከሒሳቡ ትቀነስ ነበር። በ2024 ግን የጋያ ሳተላይት መረጃ ከጥንዱ ጋር አብራ እንደምትጓዝ አሳየ። ቪ404 ለካ ባለ ሦስት ነው።