ስክራች፦ ልጆች የራሳቸውን ጨዋታና ታሪክ የሚሠሩበት ነፃ ድረ ገጽ

ስክራች ልጆች ጨዋታ፣ ተንቀሳቃሽ ታሪክና ሙዚቃ በኮድ (ለኮምፒዩተር በሚሰጥ ትእዛዝ) የሚሠሩበት ነፃ ድረ ገጽ ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም አይ ቲ) ሚዲያ ላብ ውስጥ በሚቸል ሬዝኒክ የሚመራ ቡድን ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ተከፈተ። አሁን የሚያስተዳድረው ስክራች ፋውንዴሽን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። በዋናነት የታሰበው ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ሲሆን፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች ተመዝግበውበታል። ሐሳቡ የሚመዘዘው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሞር ፔፐርትና ባልደረቦቹ ለልጆች ከሠሩት ሎጎ ከተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ልጁን ከሚያለማምደው ይልቅ ልጁ ኮምፒዩተሩን ይዘዘው የሚል።

ኮድ ዶት ኦርግን የመሳሰሉ ድረ ገጾች ልጁን በደረጃ በተዘጋጁ እንቆቅልሾች ይዘውት ይሄዳሉ፤ መልሱም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስክራች ግን ባዶ መድረክና አንዲት የድመት ምስል ሰጥቶ ይተወዋል። ይህ ለጀማሪ መምህር ያስፈራል፤ ስለዚህ ትምህርቱ ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ኮድ ከሰሌዳ ወደ መገልበጥ ሊወርድ ይችላል። እንዲህ የተማረ ልጅ ብሎኮቹን፣ ማለትም ኮዱ የሚገጣጠምባቸውን ቁራጮች፣ ያውቃቸዋል፤ የራሱን ሐሳብ ከየት እንደሚጀምር ግን አያውቅም። ስክራች ዋጋ የሚኖረው ልጁ በራሱ ፍላጎት በያዘው ሥራ ላይ «ለምን እምቢ አለኝ?» ብሎ ምክንያቱን ሲያሳድድ ነው።

መድረኩና ብሎኮቹ

ሥራው የሚታይበት መድረክ 480 ነጥብ ስፋት፣ 360 ነጥብ ቁመት አለው። መሐሉ ዜሮ ነው፤ ወደ ጎን ከ-240 እስከ 240፣ ወደ ላይና ወደ ታች ከ-180 እስከ 180 ይቆጠራል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ኔጌቲቭ ቁጥር ያልገባው ልጅ ድመቷን ወደ ግራ ለመውሰድ ሲሞክር ያገኘዋል። መድረኩ ላይ የሚንቀሳቀሰው እያንዳንዱ ምስል ስፕራይት ይባላል፤ የራሱ ኮድ፣ የራሱ አልባሳት (የሚቀያይራቸው መልኮች) እና የራሱ ድምፆች አሉት።

ኮዱ በፊደል አይጻፍም፤ ባለቀለም ብሎኮች እየተጎተቱ እርስ በርስ ይገጣጠማሉ። እንቅስቃሴ ሰማያዊ፣ ክስተት ቢጫ፣ ስሌት አረንጓዴ ነው። እውነት ወይም ሐሰት የሚመልሱ ብሎኮች ጫፋቸው ሹል ነው፤ «ከሆነ» በሚለው ብሎክ ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡት እነሱ ብቻ ናቸው። የቅርጹ አሠራር የአጻጻፍ ስሕተትን ያስቀራል። የአስተሳሰብ ስሕተት ግን እንዳለ ነው፤ ትምህርቱም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ፖም በሳሕን የመቅለብ ጨዋታ

ለመጀመሪያ ሥራ ከላይ የሚወድቅን ፖም በሳሕን መቅለብ ጥሩ ነው። ሁለቱም ምስሎች በስክራች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ። ሳሕኑ ጨዋታውን የሚያስጀምረው አረንጓዴ ባንዲራ ሲነካ ጀምሮ፣ ውስጡ ያለውን ሳያቋርጥ በሚደግመው «ዘወትር» በሚለው ብሎክ ውስጥ የጎን ቦታውን ከማውሱ ጋር እኩል ያደርጋል። ፖሙ በአንጻሩ ከ-220 እስከ 220 ባለ ዕጣ ቁጥር የጎን ቦታ ይይዛል፤ ከፍታውን 170 አድርጎ ይጀምርና በዘወትር ውስጥ ከፍታውን በ-5 ይለውጣል። ስክራች በሴኮንድ 30 ጊዜ ስለሚያድስ፣ ፖሙ ከላይ እስከ ታች ለመድረስ ሁለት ሴኮንድ ከጥቂት ይፈጅበታል። -15 ቢደረግ አንድ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም፤ ለትንሽ ልጅ ይፈጥናል።

ቀጥሎ «ሳሕኑን ከነካ ነጥብ በ1 ጨምር» ይታከላል። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ይህን ብሎክ ከዘወትር ውጭ ካስቀመጠው ኮምፒዩተሩ ጥያቄውን ባንዲራው ሲነካ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ ያልፋል፤ ፖሙ ሳሕኑ ላይ ቢያርፍም ነጥብ የለም። ወደ ውስጥ አስገብቶት ፖሙን ወደ ላይ መመለስ ከረሳ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ ፖሙ ሳሕኑን በነካ ቁጥር፣ ማለትም በየእድሳቱ፣ ነጥብ ይጨመራል፤ አንድ ፖም ብዙ ነጥብ ያስቆጥራል። መፍትሔው ነጥቡ እንደተጨመረ ፖሙን ወዲያው ወደ ላይ መመለስ ነው።

ያመለጠው ፖምም መመለስ አለበት። ልጆች «ከፍታው ከ-200 ካነሰ» ብለው ይጽፉና ፖሙ ታች ተጣብቆ ይቀርባቸዋል። ምክንያቱ፣ ስክራች ምስል ሙሉ በሙሉ ከመድረክ እንዲወጣ አይፈቅድም፤ ጥቂት ክፍሉን ጠርዝ ላይ ያስቀረዋል። ስለዚህ ትንሽ ምስል -200 ላይደርስ ይችላል። -170 ቢባል ይሠራል። ነጥቡም ጨዋታው ሲቆም በራሱ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ባንዲራው ሲነካ «ነጥብን 0 አድርግ» ማለት ያስፈልጋል። ተደብቆ የቀረ ስፕራይትም እንዲሁ «ታይ» እስኪባል አይታይም።

ሌሎች ተደጋጋሚ ችግሮችም አሉ። ወደ ግራ ሲዞር በጭንቅላቱ የሚቆም ስፕራይት የመዞሪያ ስልቱ ወደ «ግራ-ቀኝ» ካልተለወጠ አይስተካከልም። በ«ቁልፍ ሲጫን» የሚንቀሳቀስ ምስል ይንቀጠቀጣል፤ በዘወትር ውስጥ «ቁልፉ ተጭኖ ከሆነ» ሲባል ግን ለስላሳ ይሆናል። የስፕራይት ቅጂዎች በአንድ ጊዜ ከ300 አያልፉም፤ ቅጂ ራሱ ቅጂ እንዲሠራ ከታዘዘ ወሰኑ ወዲያው ይሞላና አዲስ ቅጂ መምጣቱ ያቆማል።

በአማርኛ መሥራት

የኮድ መሥሪያው አማርኛን ጨምሮ ከ70 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ይከፈታል፤ የሚለወጠውም ከላይ ባለው የማስተካከያ (Settings) ዝርዝር ውስጥ ነው። ሥራው በአንድ ቋንቋ አይታሰርም፦ ዋሽንግተን ያለ ልጅ በእንግሊዝኛ የሠራውን አዲስ አበባ ያለች የአክስቱ ልጅ በአማርኛ ብትከፍተው ብሎኮቹ በአማርኛ ይታያሉ። የማይለወጠው ልጁ ራሱ የጻፈው ስምና ንግግር ብቻ ነው።

በንግግር ብሎኩ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ይሠራል፤ መሣሪያው ፊደሉ ካለው። የአማርኛ ኪቦርድ እንደበራ ከቀረ ግን የፊደል ቁልፍን የሚጠብቅ ኮድ ላይመልስ ይችላል፤ ቀስቶችና የክፍተት ቁልፍ ይሻላሉ። ጽሑፍን ጮክ ብሎ የሚያነበው ተጨማሪ መሣሪያ አማርኛ አይችልም፣ ኢንተርኔትም ይፈልጋል። ለተረት የሚሻለው በድምፅ ክፍሉ ውስጥ ባለው ማይክ የልጁን ወይም የአያቱን ድምፅ መቅዳት ነው። እያንዳንዱን ንግግር ለብቻው በአጭር በአጭሩ መቅዳት ይበጃል፤ አንድ ድምፅ ከ10 ሜጋባይት ካለፈ ድረ ገጹ አይቀበለውም።

ኢንተርኔት ሲቆራረጥ

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነፃ መተግበሪያ ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለአንድሮይድ ታብሌት አለ። አንድ ጊዜ ወርዶ በፍላሽ ወደ ሌሎች የትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች ሊገለበጥ ይችላል። ድረ ገጹ በአካውንቱ ለገባ ሰው ሥራን በራሱ ያስቀምጣል፤ መተግበሪያው ግን አያስቀምጥም፣ መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠው ይጠፋል። በየ10 ደቂቃው ማስቀመጥን ልማድ ማድረግ ነው። በድረ ገጹም መስመር ከተቋረጠ ገጹን ሳይዘጉ ፋይሉን ወደ ኮምፒዩተሩ ማውረድ ይቻላል። በስልክ የሌሎችን ሥራ መጫወት ይቻላል፤ ለመሥራት ግን ታብሌት ወይም ኮምፒዩተር ያስፈልጋል።

አካውንትና ማጋራት

ያለ አካውንትም መሥራት ይቻላል፤ ለማጋራት ግን መመዝገብ ግድ ነው። የተጠቃሚ ስሙ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ በኋላም ስለማይለወጥ ወላጅ አብሮ ቢመርጠውና የልጁን እውነተኛ ስም ባይይዝ ይመረጣል። በግል የመልእክት መለዋወጫ የለም፤ አስተያየቶች ሁሉ በይፋ የሚታዩ ናቸው። መምህራን የመምህር አካውንት ጠይቀው ለተማሪዎቻቸው ያለ ኢሜይል አካውንት መክፈት ይችላሉ።

አንድ ሥራ ሲጋራ ማንም ሰው ውስጡን ከፍቶ ኮዱን ማየትና ሪሚክስ ማድረግ፣ ማለትም ቀይሮ የራሱን መሥራት ይችላል። ድረ ገጹ የመጀመሪያውን ሠሪ በራሱ ይጠቅሳል። አንዳንድ ልጅ «ሥራዬን ሰረቁኝ» ብሎ ያለቅሳል፤ ደንቡ ይህን እንደሚፈቅድ ከማጋራቱ በፊት ቢነገረው መልካም ነው። ያልተጋራ ሥራ ለሌሎች ተጠቃሚዎች አይታይም።

ገና ማንበብ ላልቻሉ፣ ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ስክራች ጁኒየር የተባለ ሌላ ነፃ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል። ብሎኮቹ ከጽሑፍ ይልቅ ሥዕል የያዙ ሲሆኑ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራሉ፤ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት በታብሌት ይሠራል።